«ትሪኪ ነው» ብሎ ዝም ሲል

ስሚኝማ የኔ እህት፣ ጠጋ በይ። ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ አልልሽም፤ መንደራችን ቶልቻ ውስጥ ያልሰማ የለማ። ግን ሁሉም የራሱን እየጨመረ ነው የሚያወራው። አንዷ «አባቷን ገደል ልትከታቸው ነበር» ትላለች፣ ሌላዋ «ልጁ የሆነ ነገር አቅምሷት ነው» ትላለች። ውሸት ነው ሁሉም! እኔ የሰማሁት ከቢፓና ነው። ቢፓና ከላይኛው ሎጅ ሥር ባለችው ሱቅ የምትሸጠዋ ናት፣ የጁንማያ የልብ ጓደኛ። ጁንማያ ለሷ የማትነግራት ነገር የለም። ብቻ ልብሽን ያዝ አድርጊ።

ጁንማያ የላይኛው ሎጅ፣ ተራራ የሚወጡት ፈረንጆች የሚያድሩበት ቤት ልጅ ናት። አባቷ በሕንድ ጦር ሃምሳ አለቃ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት፤ ለዛ ነው ትልቁም ትንሹም «ሃቢልዳር ሳብ» የሚላቸው። ቤቱንም እንደ ጦር ሰፈር ነው የሚያስተዳድሩት። ጫማ በመስመር፣ ብርድ ልብስ በመስመር፣ ልጅ በመስመር! እናቷን ወገባቸውን ስለሚያማቸው ማድቤቱ የጁንማያ ነው። ጠዋት ምድጃ፣ ቀን ምድጃ፣ ማታ ምድጃ።

እኛ ጋ ፈረንጆቹ በልተው ሲነሱ አስጎብኚውም ተሸካሚውም ማድቤት ይገባና እሳት ዙሪያ ተኮልኩሎ ይበላል። ቀልዱም ሐሜቱም እዛ ነው። ኬሳር ግን አይገባም። አስጎብኚ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ፈረንጆቹ ይወዱታል፤ ግን ዘሩ የቀጥቃጭ ነው። ማንም «አትግባ» አይለውም፤ እንደዛ ማለት ሕጉም ይከለክላላ። ግን «ግባ» የሚለውም የለም። በረንዳው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ሻይ ሲሰጡት ጀበናው ኩባያውን እንዳይነካ ከላይ ነው የሚያፈሱለት። በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ አጥቦ ይደፋል። እኔም ስንቴ አይቼ ምንም አላልኩም፣ አንቺም አላልሽም።

ባለፈው መኸር ነው የጀመረው። ጁንማያ ሻይ ልታፈስለት ወጣች፤ አባቷ ከመስኮት እያዩ ስለነበር ጀበናውን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አደረገችው፤ ከዛ የፈላውን ሻይ እጁ ላይ ዘረገፈችው!

ልጁ አልጮኸም። እጁን እያራገበ ሳቀ።

«ትሪኪ ነው» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንግሊዝኛ ነው። ነገር ሲከብድ፣ ሲወሳሰብ፣ በየት በኩል እንደሚታለፍ ግራ ሲገባሽ።»

«እና ‹አቃጠልሽኝ› የሚል ቃል አልተማርክም?»

«ተምሬያለሁ። ግን አስጎብኚ እንግዳ ፊት ‹አደገኛ› አይልም፣ ‹ፈራሁ› አይልም። ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ የሚነግሩን እሱን ነው። እንግዳ ከደነገጠ እግሩ ይክደዋል፣ እግሩ ከከዳው ይወድቃል። ስለዚህ ድልድይ ሲወዛወዝ፣ ትሪኪ። አልቅት ካልሲ ውስጥ ሲገባ፣ ትሪኪ። በቅሎ ስትራገጥም ትሪኪ።»

«እኔ እንግዳህ ነኝ?»

«አንቺማ…» ኩባያውን አየ፣ ባዶ ነው። «አንቺማ ከበቅሎዋም ትብሻለሽ።»

ሳቀች! ከዛ ደግሞ ደንግጣ መስኮቱን አየች። አባቷ የሉም። ገባችና ሌላ ሻይ ቀድታ ወጣች፤ በዚህኛው ግን ከላይ አላፈሰሰችም። ኩባያውን በእጇ አቀበለችው። ጣቱ ጣቷን ነካ። ቢፓና ስትነግረኝ «ኩባያውን የለቀቀችው ግን ቆይታ ነው» አለችኝ፤ እኔ እንጃ።

ከዛ በኋላ በመጣ ቁጥር ያን ቃል እንደ ከረሜላ ያመጣላት ነበር። የእናቷ ወገብ፣ ትሪኪ። የአባቷ ፂም፣ በጣም ትሪኪ። እሷም ለመደችው፤ ሩዝ ሲያርባት ብቻዋን «ትሪኪ» ብላ ትስቃለች።

አንድ ቀን ግን ከላይ አንድ ተሸካሚ ይዘው መጡ። ጭንቅላቱን ይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋደመ። ሁሉም «ደክሞት ነው፣ ይተኛ፣ ይነሳል» አለ። ኬሳር ከደረጃው ተነሳና የልጁን ከንፈር አየ፣ ጥፍሩን አየ።

«ትሪኪ ነው» አለ።

አልሳቀም። ምንም አልጨመረም። ዝም ብሎ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ፤ ከዛ ልጁን አዝሎ ቁልቁል ሮጠ። ታች ጤና ጣቢያ ያሉት «ትንሽ ብትቆዩ ሞቶ ነበር» አሏቸው። የተራራው ከፍታ ሳንባውን ውሃ ሞልቶበት ነበር።

ጁንማያ ያን ቀን ገባት። እየሳቀ ሲለው ጨዋታ ነው። ሳይስቅ ብሎት ዝም ካለ፣ እጁም የጫማውን ክር ከፈለገ፣ ሞት በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ይሄን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ማን ፊቱን ያየዋል? ሁሉም እጁን ነው የሚያየው፣ ምን እንደሚነካ።

እንደተዋደዱማ ልነግርሽ አይገባም። ግን ፍቅራቸው እንደ ሌላው ሰው ደስ የሚል ፍቅር እንዳይመስልሽ፤ ፍርሃት ነው። ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ካልጮኸም ትደነግጣለች። ከወንዙ ማዶ እንደ ኬሳር ዓይነት ዘር ያለው ልጅ የሌላ ዘር ሴት ወዶ፣ ወንድሞቿ በዱላ እጁን እንደሰበሩት ሰምታለች። ሌሊት ሌሊት የምታስበው የኬሳርን እጅ ነው።

ይባስ ብሎ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ወታደሩ መጣላት። ታች ሲንዲ መንደር ያሉት ሀብታሞቹ፣ ልጃቸው እንግሊዝ ጦር ውስጥ ያለው። ለእረፍት መጥቶ ሚስት ፈለገ። ቤተሰቡ ወጥተው የሽምግልና አረቂያቸውን ሎጁ ውስጥ አስቀምጠው ሄዱ። አሁን ሃቢልዳር ሳብ ወርደው ከነሱ ጋር እህል ቀምሰው «እሺ» ካሉ አለቀ። እናቷ «ኧረ በዚህ ዝናብ! ደውልላቸው» ቢሏቸው «ቃል በስልክ አይሰጥም! እኔ ድንች ነው የማዘው?» ብለው ጮሁ።

ወደ ሲንዲ የሚወርደውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ መሀሉ ላይ ናዳ አለ። ተራራው በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ የሚፈርስበት፣ ከላይ ቀይ አፈር፣ ከታች ወንዝ።

ሊወርዱ በተነሱበት ጠዋት ኬሳር ሁለት ፈረንጆች ይዞ ከታች መጣ። ፈረንጆቹ ውስጥ ገብተው አልቅት ከእግራቸው ይነቅላሉ፤ እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ሃቢልዳር ሳብ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ፂማቸውን ቅባት ቀብተው ወጡ።

«እህ፣ አንተ የቀጥቃጭ ልጅ! አሁን በናዳው አይደል የመጣኸው? እንዴት ነው?»

ኬሳር ብድግ አለ። ጁንማያ ጀበናዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ትሪኪ ነው፣ ሃቢልዳር ሳብ።»

አልሳቀም። ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ያዘ።

ወይኔ የኔ እህት! ጁንማያ ክሩን አየችው።

አባቷ ግን ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ትሪኪ! እሱን ለፈረንጆችህ ንገራቸው! እኔ ካሽሚር በረዶ ላይ በደረቴ የተሳብኩ ሰው ነኝ!» ጃንጥላቸውን ዘረጉና ወረዱ።

«ለምን አልተናገረችም?» ትይኛለሽ አይደል? እኔም ቢፓናን እንደዛ ነው ያልኳት። ግን አስቢው። «ባ፣ አባቴ፣ ይሄ ልጅ ሳይስቅ እንደዛ ካለ ሞት ነው» ብትል፣ አባቷ የሚጠይቋት አንድ ጥያቄ ነው። «አንቺ ሲስቅና ሳይስቅ በምን ለየሽው?» በቃ። ያንን ከመለሰች ደግሞ የኬሳር እጅ… ጃንጥላው በቀርከሃው መሀል እየራቀ ሲሄድ ቆማ አየችው።

ከዛ ወደ ደረጃው ሮጠች።

«ምን አየህ?»

«ከናዳው በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ውሃ ይወጣል። እነዚህን ሁለቱን ሳሳልፍ ጠጠር እግሬ ሥር ይንከባለል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም!»

«ነገርኳቸው እኮ!»

«እሱ መናገር ነው? እኔ ነኝ የሚገባኝ እንጂ እሳቸው ምን ያውቃሉ!»

«አንደኛ አፌ ለምዶት ወጣ። ሁለተኛ ጁን፣ ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። እኔ ‹አይሂዱ› ብላቸው ምን ይመስላቸዋል? መንገዱ ነው የሚመስላቸው ወይስ አንቺ?» ፊቱ አመድ መስሏል። «ቆይ፣ ተከትዬ እሄዳለሁ።»

«አንተን ካዩማ እየሮጡ ነው የሚገቡበት! ግትር ናቸው!» ጀበናውን ደረጃው ላይ ወረወረችው። «ገመድ ፈልግና ና። እኔ እሄዳለሁ።»

«ጁን፣ አፈሩን እንዳትረግጪው! ሣሩ ላይ ቁሚ፣ ሰማሽ? ሣሩ ላይ!»

በነጠላ ጫማ ነው የሮጠችው። ዝናቡ ዓይኗን ይሸፍናል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ አንደኛው ጫማ የሆነ ቦታ ቀረ። እየሮጠች ጆሮዋን ትሰጣለች፤ የናዳው ድምፅ እንዳይመጣ። ወንዙ ሲጮህ እሱ ይመስላታል። ነጎድጓድ ሲል እሱ ይመስላታል። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» እያለች ነው የምትሮጠው።

ናዳው ጋ ስትደርስ አባቷ ገብተዋል። ቀዩ አፈር ላይ፣ በጥቁር ጃንጥላ፣ አንድ እግራቸውን እየተከሉ ሌላውን እየነቀሉ። ከላያቸው ጠጠሮች ኮለል፣ ኮለል ይላሉ፤ ማንም ሳይነካቸው።

«ባ! ይመለሱ!»

ዞር አሉ። «አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ወደ ቤትሽ!»

«ባ፣ ሊናድ ነው! ኬሳር ‹ትሪኪ› ሲል ካልሳቀ ሞት ነው ማለት ነው!»

«ምን አልሽ?» ወንዙ ድምጿን እየበላው ነው።

«አልሳቀም! አላዩትም? ሳይስቅ ነው ያለው!»

ሃቢልዳር ሳብ አዩዋት። ያ የፈራችው ጥያቄ መጣ፣ መሀል ናዳ ላይ ቆመው።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

የኔ እህት፣ በዛች ሰዓት ምን ትዪ ነበር? እኔ ውሸት እፈልግ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። እሷ ግን ከአባቷ በላይ ያለውን አፈር አየች። እንደሚያዛጋ ሰው ቀስ ብሎ እየተከፈተ ነው።

«ስለማውቀው ነው!»

«ማንን?»

«ኬሳርን! እወደዋለሁ ባ!»

እንደዛ ዓይነት ፊት አይታ አታውቅም። በመጀመሪያ ነጣ፣ ከዛ ቀላ። ጃንጥላቸውን ዘጉት፤ እንደ ዱላ ያዙት፤ ዞሩ፤ ወደሷ መጡ!

መጡ እኮ! ጁንማያ ልትሸሽ ጀመረችና ቆመች። ከተናደዱ ይመጣሉ። ከመጡ ይተርፋሉ። ሣሩ ላይ ቆማ፣ አፏ ያመጣላትን ሁሉ ትለው ጀመር።

«ወታደሩን አላገባም!»

«ዝም በይ!» አንድ እርምጃ።

«ሻይ ከላይ አላፈስለትም! በእጄ ነው የምሰጠው!»

«ዝም በይ ብያለሁ!» ሌላ እርምጃ፣ ፈጠን ያለ።

«ከሱ ኩባያ ጠጥቻለሁ! ማድቤትም አስገብቼዋለሁ፣ እናንተ መስክ የወረዳችሁ ቀን! ከእሳቱ አጠገብ ነው የተቀመጠው፣ በእርስዎ መቀመጫ!»

ያኛው እውነት አልነበረም፣ ቢፓና ምላለች። ግን ሃቢልዳር ሳብን ያስሮጣቸው እሱ ነው። የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ሮጡ፣ ጃንጥላውን ወደ ላይ እንዳነሱ ሣሩ ላይ ወጡ፣ ክንዷን ጨምድደው ያዙ፣ እሷም ዓይኗን ጨፈነች።

ዱላው አልመጣም። ሌላ ድምፅ ነው የመጣው። ተራራው ትልቅ ነገር እንደዋጠ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዛ ከጀርባቸው ያለው ሁሉ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ መንገዱ፣ ወደ ወንዙ ሄደ። ሁለቱም ወደቁ። አባቷ በላይዋ ወድቀውባት ይሁን ሸፍነዋት አላወቀችም። ጭቃ እንደ ዝናብ ዘነበባቸው።

ጸጥ ሲል ቀና አሉ። አባቷ ቆመውበት የነበረው ቦታ የለም። ጃንጥላውም የለም።

ኬሳር ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረሰ። በጉልበቱ ወደቀ፣ ጁንማያን አየ፣ ልክ በሕይወት እንዳለች ሊያረጋግጥ ይመስል ፊቷን፣ እጇን፣ እግሯን አየ። ሊነካት እጁን ዘረጋና መለሰው። ሃቢልዳር ሳብ አፋቸው በአፈር ተሞልቶ ያስላሉ። ኬሳር የውሃ ፕላስቲኩን አወጣ፣ ሊሰጣቸው ሲል ግን ከሱ እጅ ውሃ እንደማይጠጡ ትዝ አለው። መሀላቸው ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ራቅ አለ።

ውሃው እዛ ቆመ። ማንም አላነሳውም።

«ለምን አትሂድ አላልከኝም?» አሉ ሽማግሌው፣ አፈር በሞላው አፋቸው።

«ብልዎት ይሰሙኝ ነበር፣ ሃቢልዳር ሳብ?»

አባቷ ናዳውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ እጃቸውን አዩ።

«አልሰማህም ነበር» አሉ።

ከዛ ፕላስቲኩን አንስተው ጠጡ። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል ጁንማያ ታየዋለች። ደስ ይላት እንደሆነ ቢፓናን ጠየቅኳት። «ደስታ? ከናዳው በላይ ነው የፈራችው» አለችኝ። ምክንያቱም ጠጥተው ሲጨርሱ ምንም አላሉም። ቤት እስኪደርሱ ምንም። እናቷ እየጮሁ ሲወጡ «መንገዱ ተቆርጧል» አሉና እሳቱ ጋ ተቀመጡ።

ማታ ኬሳር ደረጃው ላይ ነበር። ጁንማያ ሻይ ቀዳች፣ በአባቷ ፊት አለፈች፣ በሩን ሆን ብላ ክፍት ተወችው፣ ኩባያውንም በእጇ አቀበለችው። ሃቢልዳር ሳብ አዩ። ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ።

«ምን ይሉን ይሆን?» አላት ኬሳር ቀስ ብሎ።

«እንጃ።»

«ፈርቻለሁ ጁን።»

አየችው። እስከዛሬ ይሄን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። «እኔም» አለችው፤ እሱ ጥግ ይዞ፣ እሷ በሩን ተደግፋ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አብረው ፈሩ።

በነጋታው ፈረንጆቹን ይዞ በሌላኛው በኩል ዞሮ ወረደ። ሃቢልዳር ሳብም ዝም እንዳሉ ቀሩ። እኚያ በጠዋት እየጮሁ ዶሮ የሚቀሰቅሱት ሰውዬ! ሩዝ ይበላሉ፣ ዝም። ጫማ ከመስመር ሲወጣ ያያሉ፣ ዝም። ከሲንዲ የወታደሩ ቤተሰቦች ሲደውሉ ስልኩን ያዩታል፣ እየጮኸ ይተዉታል። ጁንማያ መብላት አቃታት። ዱላ እየጠረቡ ይሆን? ዘመድ እየሰበሰቡ ይሆን? ኬሳር ሲደውል አታነሳም፤ ከሰሙ ብላ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሱቅ ወረደችና ለቢፓና ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ «ዝምታቸው ሊገድለኝ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብላ አለቀሰች።

ቢፓና ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳን አላለችም። ያለቻትን ቃል በቃል ልንገርሽ፣ ከራሴ አንድ ነገር አልጨምርም፦

«ስሚ፣ አባትሽ እምቢ ሲሉ እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማል፤ እኔ እስካሁን ምንም አልሰማሁም፤ በይ ተነሺና ለልጁ ደውዪለት።»